ስንቅና ታንኳ
በ1890 ዓ.ም. ወደ ባሮ ስለ ወረደው ዘመቻ

በቀድሞ ዘመን የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በውኃ የተከበበ ደሴት ነበረ፤ አሁን ግን በአንድ ወገን ከየብስ ጋራ ተያይዞ ይገኛል። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በዚያ ሲያስተምሩ ከሩቅ አገር የሚመጣው ደቀ መዝሙር በቅሎውን ከዳር ትቶ ታንኳ መፈለግ ነበረበት። ተራራ መውጣት የለመደ እግር ውኃ ሲያጋጥመው ሌላ መሰናዶ ያሻዋልና። ይህንኑ ነገር የአገራችን ታሪክ በምዕራብ ጠረፍ በብዙ ድካም አስተምሮናል፤ የነገሩም መነሻ ከዚሁ ከአምባሰል ነው።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአምባሰል፣ በውጫሌ፣ ከኢጣልያ ጋራ ውል ተደረገ። የ17ኛው አንቀጽ ትርጓሜ እስከ ዓድዋ ድረስ ያመጣው መዘዝ ለሁሉ የታወቀ ስለ ሆነ አንደግመውም። ዳሩ ግን በዚያው ክርክር መካከል፣ በሚያዝያ 1883 ዓ.ም.፣ ዳግማዊ ምኒልክ ለአውሮጳ ነገሥታት ደብዳቤ ልከው የአገራቸውን ወሰን አስታወቁ፤ የቀድሞውንም ወሰን እስከ ካርቱም ለመመለስ ማሰባቸውን ገለጹ። ወሰን በወረቀት ቢጻፍም የሚጸናው በእግር ሲረገጥ ነው፤ ስለዚህ ወደ ነጭ ዓባይ የሚወርድ ሰው አስፈለገ።

መንገዱም እንዲህ ነው። ከጎሬ ደጋ ሲወርዱ በመጀመሪያ ዝናም የሚወደው ጥቅጥቅ ያለ የኢሉባቦር ደን ይገኛል፤ ቀጥሎ የባሮ ቆላ፣ ከዚያም ባሮ ሶባት ተብሎ ከነጭ ዓባይ እስኪገናኝ ድረስ ሜዳውን ሁሉ የሚያለብሰው ረግረግ ነው። አስቀድመው የሞከሩት በማርኪ ደ ቦንሻን የሚመሩ ፈረንሳውያን ነበሩ። እነርሱም ለወንዙ የሚበቃ ጀልባ ሳይዙ ስለ ወረዱ፣ ከነጭ ዓባይ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራቸው፣ በታኅሣሥ 1890 ዓ.ም. ታመውና ተርበው ተመለሱ።

ከእነርሱ በኋላ ደጃዝማች ተሰማ ናደው ዘመቱ። የዘመኑ ሠራዊት መሰናዶ ምን እንደ ሆነ አባቶቻችን ያውቁታል፤ በሶው፣ ቆሎው፣ ድርቆሹ፣ ቋንጣው ይሰናዳል፤ አጋሰሱ ይጫናል፤ ድንኳኑ ይጠቀለላል። ይህ ሁሉ ለደጋ ሰው የማያሳፍር ስንቅ ነው። በባሮ ቆላ ግን አጋሰሱ በገንዲ ያልቃል፤ ሰውም በንዳድ ይወድቃል፤ ክረምቱ ሲገባ ሜዳው ባሕር ይሆናል። ሠራዊቱ በሕመም በተጎዳ ጊዜ ከመካከሉ አንድ ክፍል ተመርጦ፣ ከመስኮቡ ኮሎኔል አርታሞኖፍና ከጥቂት ፈረንጆች ጋራ ወደ ፊት ገሠገሠ። በሰኔ 1890 ዓ.ም. ሶባት ከነጭ ዓባይ ወደሚገናኝበት ስፍራ ደርሶ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ተከለ። ጀግንነቱን ማንም ሊያሳንሰው አይችልም። ነገር ግን በዚያ ሊቆይ አልቻለም፤ ንዳዱና ውኃው አስገደዱትና ተመለሰ።

ከ18 ቀን በኋላ ፈረንሳዊው ሻለቃ ማርሻን በጀልባ ፋሾዳ ደረሰ። እርሱ በኮንጎ በኩል 2 ዓመት ያህል ተጉዞ፣ ፌደርብ የምትባለውን የእሳት መርከብ ፈታቶ በሰው ትከሻ ከወንዝ ወደ ወንዝ አሸጋግሮ ነበረ፤ መርከቢቱም ኋላ ተከተለችው። የቀደሙት ሄደው ስለ ነበረ የኢትዮጵያን ሠራዊት አላገኘም። በመስከረም 1891 ዓ.ም. የእንግሊዙ ኪችነር ከብዙ ጦር ጋራ መጣ፤ ማርሻንም በመንግሥቱ ትእዛዝ ፋሾዳን ለቆ በባሮ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ወጣ። መርከቢቱን ወደ ላይ ማሳለፍ ባይቻል ከባሮ ጥሏት ሄደ። ስለዚህ መርከብም ብቻውን አይበቃም፤ የወንዙን ጠባይና ወራቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋራ በተደረገው የወሰን ውል የነጭ ዓባይ ዳር ከኢትዮጵያ ውጭ ቀረ። ለዚህ የኃያላን ብርታት ምክንያት እንደ ሆነ አንክድም፤ ሆኖም የተከሉትን ሰንደቅ የሚጠብቅ ሰው በዚያ ለማኖር አለመቻሉም አንዱ ምክንያት ነው። በዚያው ውል እንግሊዞች በኢታንግ አጠገብ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ስፍራ በኪራይ ተቀበሉ፤ ጣቢያውም በጋምቤላ ቆመ። ከዚያም በየዓመቱ ባሮ ሲሞላ የእሳት መርከቦች ከካርቱም እየመጡ የኢሉባቦርን ቡና ጭነው ሲመለሱ ኖሩ። እንግዲህ አስተውሉ፤ የደጃዝማች ተሰማን ሰዎች መንገድ የዘጋባቸው ክረምት ለነጋዴው መንገድ ከፈተለት። ውኃው ያው ውኃ ነው፤ የተለየው መሰናዶው ነው።

ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያስብ ወንጌል ይመክራል። ሩቅ መንገድ የሚያስብም ሁሉ እንዲሁ ነው። ስንቅ በቤታችን ስለ ሞላ ብቻ ተሰናድተናል አንበል፤ የምንሄድበት አገር የሚጠይቀንን አስቀድመን እንጠይቅ። ወደ ሐይቅ ደሴት የመጣው ተማሪ በቅሎውን ከዳር አሥሮ ታንኳ የፈለገው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ውኃ መሆኑን ስላወቀ ነው እንጂ።