ቦብ ማርሻል ማን ናቸው? የ26 ዓመቱ የቨርጂኒያ ተመራጭ እና የራውት 28 ነገር

ስለ አሜሪካ ፖለቲካ ሲወራ ሁሌም ዋይት ሀውስ እና ኮንግረስ ነው። ግን መንገድ በማን ብር ይሠራል፣ የሠፈሩ ዳኛ ማን ይሁን፣ ማን ማንን ማግባት ይችላል የሚሉት ነገሮች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ስማቸውን ሰምተን ከማናውቃቸው የግዛት ምክር ቤት አባላት ነው። ሮበርት ማርሻል፣ በተለምዶ ቦብ ማርሻል፣ ከነዚህ አንዱ ናቸው። (ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

የተወለዱት በ1944 ሜሪላንድ፣ ታኮማ ፓርክ ውስጥ ነው። ዲሲ ዘመድ ያላችሁ ሠፈሩን ታውቁት ይሆናል፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ነው። ካቶሊክ ናቸው፣ ያውም አጥባቂ። ከመመረጣቸው በፊት ፅንስ ማቋረጥን በሚቃወመው አሜሪካን ላይፍ ሊግ ውስጥ የጥናት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። በ1991 በሪፐብሊካን ፓርቲ ተወዳድረው አሸነፉና ከጥር 1992 ጀምሮ በቨርጂኒያ የተወካዮች ምክር ቤት 13ኛውን የምርጫ ክልል ወከሉ። በዚያ ወንበር 13 ጊዜ ተመርጠዋል። ክልሉ ያኔ ማናሳስ ከተማ ዙሪያ፣ ፕሪንስ ዊሊያም ካውንቲ ውስጥ ነበር። የኛ ሰው በብዛት የሚኖርበት የሰሜን ቨርጂኒያ ክፍል ማለት ነው።

ምክር ቤቱ 100 አባላት አሉት። በየሁለት ዓመቱ ምርጫ ነው። ደሞዙ በዓመት 17,640 ዶላር ነው፤ በዚያ አገር ኑሮ በዚህ ብቻ መኖር አይታሰብም፣ ስለዚህ አብዛኛው አባል ሌላ ሥራ አለው። ስብሰባውም ዓመቱን ሙሉ አይደለም፣ በአንድ ዓመት 60 ቀን ከሆነ በቀጣዩ ከዚያ ያንሳል። እንዲህ ካለ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ስሙ መላ አሜሪካ እስኪሰማ የደረሰ ሰው፣ ደንቡን ጠንቅቆ የሚያውቅ መሆን አለበት። ማርሻል ያውቁ ነበር።

የጋብቻው አንቀጽ

ትልቁ ሥራቸው ይሄ ነው። በቨርጂኒያ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በተራ ሕግ ከተከለከለ ቆይቶ ነበር። በ2004 ማርሻል ያቀረቡት ረቂቅ ሕግ ደግሞ ጋብቻ ይቅርና ጋብቻን የሚመስል ማንኛውንም የሁለት ሰዎች ውል ዋጋ አሳጣ። እሳቸው ግን ተራ ሕግ አልበቃቸውም። ተራ ሕግ ነገ በሌላ ምክር ቤት ይሻራል፣ ሕገ መንግሥት ግን በቀላሉ አይነካም።

የቨርጂኒያን ሕገ መንግሥት ለማሻሻል ምክር ቤቱ ሁለት ጊዜ መወሰን አለበት፣ በሁለቱ መሃል ደግሞ ምርጫ መካሄድ አለበት፣ ከዚያ ሕዝቡ ድምፅ ይሰጣል። ማርሻል ከሴናተር ስቲቨን ኒውማን ጋር ሆነው ይህን ሁሉ አለፉ። ኅዳር 2006 ላይ ሕዝቡ በ57 በመቶ አጸደቀው። እስከ ዛሬ «የማርሻል-ኒውማን ማሻሻያ» ነው የሚባለው።

ብዙ አንባቢ እዚህ ጋ «ታዲያ ምን አጠፉ?» ሊል እንደሚችል አውቃለሁ። እኛ አገር ጉዳዩ በወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ነው፣ ስለዚህ የማርሻል አቋም ለብዙዎቻችን ጆሮ እንግዳ አይሆንም። እንደዚያም ሆኖ የቀሩትን ነገሮች አብሮ ማየት ደግ ነው፣ ምክንያቱም ሰውየው ከገዛ ፓርቲያቸው ጋር ጭምር የተጋጩት በነሱ ነው።

በ2010 ፅንስ ማቋረጥን በመቃወም በተዘጋጀ ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ፣ የመጀመሪያ ፅንሳቸውን ያቋረጡ ሴቶች በኋላ የሚወልዷቸው ልጆች አካል ጉዳተኛ ሲሆኑ ተፈጥሮ እየተበቀለች ነው የሚል ይዘት ያለው ንግግር አደረጉ። አካል ጉዳተኛ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ምን እንደተሰማቸው መገመት አይከብድም። ማርሻል ንግግሬ በተሳሳተ መንገድ ተወሰደ አሉ፣ ይቅርታም ጠየቁ። ግን ንግግሩ በየምርጫው እየተከተለ አሳደዳቸው።

በ2012 ደግሞ ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛው፣ ሕይወት ከፅንሰት ይጀምራል፣ ፅንስም እንደ ሰው መብት አለው የሚል ረቂቅ አቀረቡ። በተወካዮች ምክር ቤት 66 ለ32 አለፈ፣ ሴኔቱ ወደ ቀጣዩ ዓመት ገፋው፣ በዚያው ቀረ። ሁለተኛው የዳኛ ጉዳይ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ዳኛ የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው፣ እንዲህ ያለ አሠራር በአሜሪካ ብርቅ ነው። ትሬሲ ቶርን-ቤግላንድ የተባለ የሪችመንድ ዐቃቤ ሕግ ለዳኝነት ታጨ። ቀድሞ የባህር ኃይል መኮንን ነበር፣ በ1992 በቴሌቪዥን ቀርቦ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆኑን ስለተናገረ ከሠራዊቱ ወጥቷል። ማርሻል ይሄ ሰው የወታደር መሐላውን አፍርሷል ብለው ተነሱ። በጉዳዩ ላይ ድምፅ የተሰጠው ከሌሊቱ እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር፤ 33 ደግፈው 31 ተቃወሙ፣ የሚያስፈልገው ግን 51 ስለነበር ወደቀ። ድል ነው፣ ግን አጭር። የሪችመንድ ዳኞች ሰውየውን በጊዜያዊነት ሾሙት፣ በጥር 2013 ያው ምክር ቤት 66 ለ28 መረጠው። ከደገፉት ውስጥ ብዙ ሪፐብሊካኖች ነበሩ።

ሁሌም ቀኝ አይደሉም

ማርሻልን በአንድ ቃል መጨረስ የማይቻለው ለዚህ ነው፦ በዚያው 2012፣ የፌዴራል መንግሥት ዜጎችን ያለ ፍርድ ላልተወሰነ ጊዜ ማሰር የሚያስችለው ከሆነ ቨርጂኒያ አትተባበርም የሚል ሕግ አስወጥተዋል። በሌላው ጊዜ ጠላታቸው የሆኑት የሲቪል መብት ተሟጋቾች ያኔ አብረዋቸው ቆሙ። የኦባማን የጤና መድን ግዴታ የሚቃወመው የ2010 የቨርጂኒያ ሕግ ላይም እጃቸው አለበት።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የመንገዱ ክስ ነው። በ2007 የግዛቲቱ ምክር ቤት ለሰሜን ቨርጂኒያ የትራንስፖርት ባለሥልጣን ቀረጥና ክፍያ የመጣል ሥልጣን ሰጠ። በዓመት ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ነበር፣ የዓላማውም መጨናነቅን መቀነስ ነው። ማርሻል ከሰሱ። ክርክራቸው ቀላል ነው፦ ሕዝብ ያልመረጠው አካል ቀረጥ መጣል አይችልም። የካቲት 29 ቀን 2008 የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ፈረደላቸው። በሕግ በኩል ትክክል ነበሩ ማለት ነው። ብሩ ግን ቀረ፣ መኪናውም በተሰለፈበት ቆመ።

በዚያው ዓመት ለአሜሪካ ሴኔት ዕጩ ለመሆን ከቀድሞው ገዥ ጂም ጊልሞር ጋር ተፋጠው፣ ከ10 ሺህ በላይ ድምፅ ውስጥ በ70 ባልሞላ ልዩነት ተሸነፉ። በ2012 እና በ2014 ደግመው ለፌዴራል ምክር ቤት ወንበር ሞከሩ፣ አልሆነም። ወደ ማናሳስ ሲመለሱ ግን ያሸንፋሉ።

2017

በዓመቱ መጀመሪያ፣ ሰው በመንግሥት ሕንፃ ውስጥ በልደት ሰነዱ ላይ ባለው ጾታ ብቻ መፀዳጃ ቤት እንዲጠቀም የሚያስገድድ ረቂቅ አቀረቡ። ጎረቤት ሰሜን ካሮላይና በተመሳሳይ ሕግ የተነሳ ኩባንያዎችና የስፖርት ውድድሮች ሸሽተዋት ነበርና፣ የማርሻልን ረቂቅ የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች በንዑስ ኮሚቴ ገደሉት።

በዚያው ዓመት ዳኒካ ሮም ተፎካካሪ ሆና መጣች። የ33 ዓመት ወጣት፣ የማናሳስ ልጅ፣ የአካባቢ ጋዜጠኛ፣ የሄቪ ሜታል ባንድ ዘፋኝ፣ ትራንስጀንደር። ማርሻል ራሳቸውን የቨርጂኒያ «ዋና ሆሞፎብ» ብለው የሚጠሩ ሰው ናቸው፣ እና ጋዜጦች ታሪኩን በዚህ ብቻ ጻፉት። እሳቸውም በዘመቻው ወቅት ዳኒካን በወንድ ፆታ ይጠሯት ነበር፣ ክርክር ለመግጠምም አልፈለጉም።

እሷ ግን በር እያንኳኳች የምታወራው ስለ ራውት 28 ነበር። ማናሳስን አቋርጦ የሚያልፍ፣ ጠዋትና ማታ የሚታፈን መንገድ ነው። ለዓመታት የዘገበችው ነገር ስለሆነ የትኛው መብራት የት እንደሚያስቆም ታውቃለች። መልዕክቷ በአጭሩ፣ የእናንተ ተወካይ ስለኔ ሲያስብ መንገዳችሁን ረሳው የሚል ነበር።

ኅዳር 7 ቀን 2017 አሸነፈች፣ ወደ 54 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ። በአሜሪካ ታሪክ ማንነቷን በግልጽ አሳውቃ በግዛት ምክር ቤት ተመርጣ ወንበር የያዘች የመጀመሪያዋ ትራንስጀንደር ሆነች።

ሁሉንም ለመንገዱ መስጠት ግን ማጋነን ይሆናል። በዚያች ሌሊት ዲሞክራቶች በምክር ቤቱ 15 ወንበር ጨምረዋል፣ ትራምፕ ላይ የተነሳው ቁጣ ትልቅ ነበር። የምርጫ ክልሉም በ1991 የነበረው አይደለም፣ ስደተኛውና ወጣቱ በዝቷል፣ በ2016ም ሂላሪ ክሊንተን አሸንፋበታለች። ማርሻል አልተለወጡም፣ ሠፈሩ ነው የተለወጠው።

ዳኒካ ከድሏ በኋላ ስለ ማርሻል መጥፎ እንድትናገር ስትጠየቅ፣ አሁን እሳቸውም የምወክላቸው ነዋሪ ናቸው፣ የምወክላቸውን ሰው አልዘልፍም አለች። በ2023 ወደ ግዛቲቱ ሴኔት አልፋለች።

የጋብቻው አንቀጽስ? በየካቲት 2014 የፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረው፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት 6 ቀን በቨርጂኒያ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች መጋባት ጀመሩ። ቃሉ ግን ከሕገ መንግሥቱ ላይ አልተፋቀም። ለመፋቅ ያው ማርሻል የሄዱበት መንገድ ነው ያለው፦ ሁለት ጊዜ ምክር ቤት፣ መሃል ላይ ምርጫ፣ ከዚያ ሕዝብ። በ2021 ተጀምሮ በ2022 በንዑስ ኮሚቴ ወደቀ፣ በ2025 እንደገና ከመጀመሪያው ተጀመረ።