መጽሐፍና መዶሻ በሴሮዌ

ብዕር የሚይዘውን እጅ መዶሻ ከሚይዘው እጅ የለየው ግንብ በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ ከድንጋይ ግንብ ሁሉ ጸንቶ ኖሯል። የድንጋዩን ግንብ ዘመን ይንደዋል፤ ይህኛው ግን በአስተሳሰብ ውስጥ የታነጸ በመሆኑ ሥርዓት ሲለወጥ እንኳ ከአንዱ ዘመን ወደ ሌላው ይሻገራል። በአገራችን አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን በሙያቸው መስደብ የቱን ያህል ሥር የሰደደ ልማድ እንደ ነበረ ለመገንዘብ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህንኑ ስድብ በአዋጅ መከልከላቸውን ማስታወስ ይበቃል። ልማዱ ብርቱ ባይሆን ኖሮ አዋጅ ባላስፈለገው ነበር።

ትምህርት ቤት ይህን ግንብ ያፈርሳል ወይስ ያጸናዋል? ጥያቄው ጎልቶ የሚነሳው ተማሪዎች እየተማሩ አነስተኛ የምርት ወይም የንግድ ድርጅት አቋቁመው እንዲያካሂዱ በሚደረግበት ጊዜ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ አንዳንድ ጊዜ የነፃ ጉልበት ምንጭ ብቻ ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ የዕውቀት በር ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ለድኻ ልጅ የተመደበ ዝቅተኛ ወንበር ሆኖ ይቀራል። ሦስቱም መልኮች በአንድ የአፍሪካ መንደር ታሪክ ውስጥ ተራ በተራ ታይተዋልና፣ በዚህ ጽሑፍ በቦትስዋና የምትገኘውን የሴሮዌን ታሪክ እንመለከታለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተዘጋው መዝገብ

ሴሮዌ የባንግዋቶ ሕዝብ መናገሻ ናት። ንጉሥ ካማ ሣልሳዊ ሕዝባቸውን ይዘው በዚህች ስፍራ የሰፈሩት በ1902 ነበር። አገሪቱ ያን ጊዜ ቤቹዋናላንድ ትባል ነበር፤ ከ1885 ጀምሮም በብሪታንያ «ጥበቃ» ሥር ውላለች። ሕዝቡ ከብት ያረባል፤ ዝናብ ሲፈቅድ ማሽላ ይዘራል፤ ጎልማሶቹ ደግሞ ለግብሩም ለልብሱም የሚሆን ገንዘብ ፍለጋ ወደ ደቡብ አፍሪካ የማዕድን ጉድጓዶች ይወርዳሉ። ከብቱን የሚገዛውም፣ ጨርቁንና ስኳሩን የሚሸጠውም አውሮፓዊው ነጋዴ ነበር። ዋጋ የሚቆረጠው በእሱ ሚዛን ነበር፤ ሒሳቡም የሚጻፈው በእሱ መዝገብ ነበር።

ካማ ይህን ሁኔታ ለመለወጥ ሞክረው ነበር። በ1910 በአንድ የንግድ ድርጅት ውስጥ ገንዘባቸውን አግብተው የነጋዴነቱን ሥራ ጀመሩ። ይሁንና ተወዳዳሪዎቹ ነጭ ነጋዴዎች ለቅኝ አስተዳደሩ አቤት አሉ፤ በ1916ም ንጉሡ ከንግዱ እጃቸውን እንዲያወጡ ተገደዱ። ነገሩን ልብ ብሎ ለሚመለከተው ትርጉሙ ግልጽ ነው። አፍሪካዊው ከብት አርቢ፣ ቀን ሠራተኛና ገዢ መሆን ይችላል፤ የትርፍና የኪሳራ መዝገቡን መግለጥ ግን አይፈቀድለትም። ንጉሡ የተከለከሉትን የማንም እረኛ ልጅ ሊያገኘው እንደማይችል የታወቀ ነው።

በግዴታ የቆመ ትምህርት ቤት

ከካማ ሞት በኋላ፣ ገና ሕፃን ለነበረው ለአልጋ ወራሹ ለሴሬትሴ እንደራሴ ሆነው ከ1926 ጀምሮ ሕዝቡን ያስተዳደሩት የካማ ልጅ ጼኬዲ ካማ ነበሩ። ጼኬዲ የትምህርትን ጥቅም አስቀድመው የተረዱ ሰው እንደ ነበሩ አይካድም። በ1940ዎቹ መጨረሻ ሞኤንግ የተባለውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለማሠራት ተነሱ። ቅኝ አስተዳደሩ ለአፍሪካዊ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ለመስጠት ባልቸኮለበት ዘመን ይህ ታላቅ ሐሳብ ነበር።

አሠራሩ ግን ሌላ ነገር ነው። በጽዋና ባህል በአንድ የዕድሜ እርከን ላይ ያሉ ወጣቶች «ሞፋቶ» በሚባል ጓድ ይደራጃሉ፤ ንጉሡ ሲጠራቸው ለዘመቻም፣ ለአደንም፣ ለሥራም ይወጣሉ። ጼኬዲ እነዚህን ጓዶች ወደ ሞኤንግ ኮረብቶች አዘመቷቸው። ወጣቶቹ ያለ ደመወዝ ድንጋይ ፈለጡ፤ ጡብ ሠሩ፤ ሕዝቡም ከብት አዋጣ። ትምህርት ቤቱ ቆመ፤ ቅሬታውም አብሮት ቆመ። ግንቡን ከገነቡት ወጣቶች መካከል አብዛኞቹ በግንቡ ውስጥ ተቀምጠው የመማር ዕድል አልነበራቸውም። በሥራው እቅድ ላይ አልመከሩም፤ ውጤቱንም አልተካፈሉም። የጋራ ሥራ የተሠራበት ዓላማ የቱንም ያህል ቅዱስ ቢሆን፣ ሠሪው ድምፅ ከሌለው ትዝታው የሸክም ትዝታ ብቻ እንደሚሆን ሞኤንግ ያስተምረናል።

ስዋኔንግ ኮረብታ

በ1962 አንድ እንግዳ ሰው ከባለቤቱ ጋር ወደ ሴሮዌ መጣ። ይህ ሰው በ1931 በደርባን የተወለደው ፓትሪክ ቫን ሬንስበርግ ነበር። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ዲፕሎማት ሆኖ በሊዮፖልድቪል ምክትል ቆንስል ሳለ፣ በ1957 የአፓርታይድን ሥርዓት በመቃወም ሥራውን ለቀቀ። በኋላም በለንደን የደቡብ አፍሪካ ሸቀጥ እንዳይገዛ በተካሄደው ዘመቻ ተካፈለ፤ መጨረሻውም ስደት ሆነ። በሴሮዌ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደሌለ በተረዳ ጊዜ እሱና ባለቤቱ ከመንደሩ ጥቂት ራቅ ብሎ በሚገኘው በስዋኔንግ ኮረብታ ሥር ትምህርት ቤት ለመክፈት ወሰኑ። ትምህርት ቤቱ በየካቲት 1963 ሥራ ጀመረ።

ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ ተማሪዎችና መምህራን በትርፍ ጊዜያቸው መሠረት ቆፈሩ፤ ድንጋይ ተሸከሙ፤ የመማሪያ ክፍላቸውን በእጃቸው ሠሩ። በመልኩ ከሞኤንግ ጋር የሚመሳሰል ሊመስል ይችላል። ልዩነቱ ግን መሠረታዊ ነው። እዚህ ድንጋዩን የተሸከመው ተማሪ በሠራው ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ይማራል፤ መምህሩም ከእሱ ጋር አብሮ ይሸከማል። ከዚህም በላይ «የልማት ጥናት» በሚል ስያሜ ለተማሪዎቹ አዲስ ትምህርት ተዘጋጀ። ድህነት ከየት እንደሚመጣ፣ ዋጋ እንዴት እንደሚወሰን፣ ጎልማሳው ለምን ወደ ማዕድን ጉድጓድ እንደሚሄድ የሚመረምር ትምህርት ነበር። እጅ የሚሠራውን አእምሮ እንዲጠይቅ ተደረገ ማለት ነው።

ከትምህርት ቤቱ እንቅስቃሴ ጋር ተያይዞ የሴሮዌ ሸማቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር ተመሠረተ። አባላት እጣ ገዝተው የራሳቸውን ሱቅ አቆሙ። ይህ ድርጊት ለሩቅ ተመልካች ተራ የሱቅ መከፈት መስሎ ሊታይ ይችላል። የ1916ን ታሪክ ለሚያውቅ ግን፣ በንጉሡ ፊት የተዘጋው መዝገብ ከግማሽ መቶ ዘመን በኋላ በተራው ሰው እጅ መገለጡ ነበር።

ብርጌዶቹ

ስዋኔንግ የሚቀበለው ተማሪ ጥቂት ነበር። አንደኛ ደረጃን ጨርሰው መሄጃ ያጡት ልጆች ግን ከዓመት ወደ ዓመት በዙ። ቫን ሬንስበርግ የመሠረተው ትምህርት ቤት ራሱ ዕድለኞችን ከዕድለ ቢሶች የሚለይ ወንፊት እየሆነ መሄዱን ሲመለከት፣ በ1965 የግንበኞች ብርጌድ አቋቋመ።

የብርጌዱ አሠራር ቀላልና ብልህ ነበር። ወጣቶቹ ከሠለጠነ ግንበኛ ሥር ሆነው የሳምንቱን አብዛኛውን ጊዜ በእውነተኛ ግንባታ ላይ ያሳልፋሉ፤ በቀሪው ጊዜ ሒሳብ፣ ቋንቋና የሙያውን ንድፈ ሐሳብ ይማራሉ። የሚሠሩት ቤት ለልምምድ ተሠርቶ የሚፈርስ አይደለም፤ የሚከፍልበት ሰው ያለው ቤት ነው። ከሚከፈለው ገንዘብ የዕቃው ዋጋ፣ የአሠልጣኙ ደመወዝና የሠልጣኞቹ አነስተኛ አበል ይሸፈናል። መነሻው መሣሪያና ካፒታል ከውጭ ለጋሾች ቢገኝም፣ የዕለት ተዕለቱ ወጪ ከምርቱ እንዲወጣ ታስቦ ነበር።

የዚህ ዘዴ የማስተማር ኃይል የሚመነጨው ከገበያው እውነተኛነት ነው። በክፍል ውስጥ የተሳሳተ መልስ ቀይ ምልክት ያገኛል፤ ነገሩ በዚያ ያበቃል። በቱንቢ ሳይለካ የቆመ ግድግዳ ግን ይፈርሳል፤ ገዢው አይከፍልም፤ የፈረሰው ብሎኬት ዋጋም በመዝገቡ ላይ ኪሳራ ሆኖ ይጻፋል። ተማሪው ከዚህ የሚማረው ግንበኝነትን ብቻ አይደለም። ለሥራው ተጠያቂ መሆንንና የጉልበቱን ዋጋ ማወቅን ጭምር ነው። የጉልበቱን ዋጋ ያወቀ ወጣት ደግሞ በቀላሉ የሚታለል አይደለም።

ከግንበኞቹ ቀጥሎ የገበሬዎች፣ የአናጢዎች፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ ማልፋትና የሜካኒኮች ብርጌዶች ተከተሉ። ሐሳቡ ወደ ሌሎች መንደሮችም ተዛመተ። ቦትስዋና በመስከረም 1966 ነፃነቷን ስታገኝ የሠለጠነ ግንበኛ እጅግ ያስፈልጋት ነበርና፣ ብርጌዶቹ በወቅቱ የተገኙ መሣሪያዎች ነበሩ።

ደራሲትና አትክልት ስፍራው

የኪነ ጥበብ ሰዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አላቸው። በ1937 በደቡብ አፍሪካ የተወለደችው ደራሲት ቤሲ ሄድ በ1964 አገሯን ለቃ ወደ ሴሮዌ የመጣችው በመምህርነት ነበር። በ1969 «ቦይቴኮ» የተባለው የኅብረት ሥራ ሲመሠረት (ቃሉ በሴትስዋና ጥረት እንደ ማለት ነው) ሸክላ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎችና አትክልተኞች ተሰባሰቡ። ቤሲ ሄድም በአትክልቱ ስፍራ ከመንደሩ ሴቶች ጋር ጎንበስ ብላ ሠራች። በ1973 የታተመው «የኃይል ጥያቄ» የተሰኘው ልቦለዷ ከዚህ ሥራ ብዙ ወስዷል። አእምሮዋ በታወከ ጊዜ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ወደ ሰው የሚመልሳት የአትክልቱ ሥራ፣ ችግኙና ከፍሬው ተቀቅሎ የሚሸጠው ማርማላታ ነው። ለሽያጭ የተዘጋጀ አንድ ብልቃጥ ማርማላታ የነፍስ መድኃኒት ሆኖ በታላቅ ልቦለድ ውስጥ መግባቱ የጉልበት ሥራ ለኪነ ጥበብ ባዕድ እንዳልሆነ ያሳያል።

በ1981 የታተመው ሌላው ሥራዋ ስለ ሴሮዌ የጻፈችው የታሪክ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉን በሦስት ሰዎች ዘመን ከፈለችው፤ በካማ፣ በጼኬዲና በቫን ሬንስበርግ። ይሁንና የሚናገሩት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ከሽማግሌዎቹ ጎን የብርጌድ አሠልጣኞችና ሠልጣኞች ስለ ሙያቸው ሲያወሩ እንሰማለን። ታሪክ የነገሥታት ብቻ ሳይሆን የጡብ ሠሪው ጭምር መሆኑን ደራሲት በተግባር አሳይታለች።

ቅራኔዎቹ

ታሪኩን በድል ብቻ መደምደም አንባቢን ማታለል ይሆናል። ብርጌዶቹ በራሳቸው ውስጥ ከባድ ቅራኔ ተሸክመው ነበር። ወጪ በምርት ይሸፈን ሲባል ምርቱ ትምህርቱን ይጫነዋል። የሥራ ውል ያጣደፈው ኃላፊ ሠልጣኞቹን ከክፍል አውጥቶ ወደ ግንባታው ይልካቸዋል፤ ያን ጊዜ ሠልጣኝ የሚለው ስም ርካሽ ሠራተኛ የሚለውን ይሸፍናል። የጨርቃ ጨርቁና የእጅ ሙያው ብርጌድ ደግሞ በጉምሩክ ስምምነት በነፃ ከሚገባው ከደቡብ አፍሪካ የፋብሪካ ሸቀጥ ጋር መወዳደር ነበረበት። ሸማኔዋ የቱንም ያህል ብትተጋ የፋብሪካውን ዋጋ ልታሸንፍ አትችልም። አያሌ አስተዳዳሪዎችም የውጭ በጎ ፈቃደኞች በመሆናቸው፣ መዝገቡን የሚያውቀው ሰው ጊዜው ሲያበቃ ዕውቀቱን ይዞ ይሄዳል።

ከሁሉ የከፋው ግን ያ የጥንቱ ግንብ መልሶ መቆሙ ነበር። በ1967 በኦራፓ አልማዝ ተገኘ፤ በ1971 ማዕድኑ ሥራ ጀመረ። የመንግሥት ገቢ ሲያድግ የቢሮ ወንበር በዛ፤ ወደ ወንበሩ የሚያደርሰው ደግሞ የምስክር ወረቀት ብቻ ነበር። ወላጆች ልጃቸውን ድንጋይ እንዲሸከም ወደ ትምህርት ቤት እንዳልላኩት ተናገሩ። ሌሎች ትምህርት ቤቶች የማይጠይቁትን ሥራ ስዋኔንግ መጠየቁ ለተማሪዎቹም ቅጣት መሰላቸው። ውሎ አድሮ የፈቃድ ሥራው ተዳከመ፤ ስዋኔንግም እንደ ሌሎቹ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሆነ። ብርጌዱ ፈተና የወደቀው ልጅ ሥፍራ ተደርጎ ተቆጠረ። አንደኛው ልጅ ያለ መዶሻ መጽሐፍ፣ ሌላው ያለ መጽሐፍ መዶሻ ያዘ። ቫን ሬንስበርግ ራሱ በ1974 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ክፍፍል ሳይሸሽግ መርምሮታል።

የቀረው ቅርስ

ሐሳቡ ግን አልሞተም። ቫን ሬንስበርግ በ1980 ትምህርትን ከምርት ጋር የሚያስተሳስር ድርጅት አቋቋመ፤ በ1981 «አማራጭ ኖቤል» ተብሎ የሚታወቀው የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጠው። በዚያው ዓመት ነፃነቷን ገና ያገኘችው ዚምባብዌ ተመሳሳይ ድርጅት መሥርታ ከስደት ለተመለሱ ልጆች ትምህርት ቤቶችን አደራጀች። በ1984 ከዚሁ እንቅስቃሴ «ምሜጊ» የተባለው ጋዜጣ ተወለደ፤ በኋላም በቦትስዋና ከታወቁት ነፃ ጋዜጦች አንዱ ሆነ። መሥራቹ በ2017 ዓለምን ሲሰናበት ብርጌዶቹ ወደ መንግሥት የሙያ ማሠልጠኛ ሥርዓት ተጠቃለው ነበር።

እንግዲህ ከሴሮዌ የምናገኘው ትምህርት ምንድን ነው? ተማሪዎች ሱቅ ከፈቱ፣ ጡብ ሠሩ፣ አትክልት ሸጡ ማለት በራሱ የሚያስመሰግን አይደለም፤ የሚያስወቅስም አይደለም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ገዢው ዕቃውን መጥፎ ነው ብሎ የመመለስ ነፃነት አለው? ገዢው በአዘኔታ የሚገዛ ከሆነ ተማሪው የሚማረው ልመናን ነው። የሒሳቡ መዝገብ ለሠሩት ልጆች ክፍት ነው? ትርፉ የት እንደ ገባ የማያውቅ ተማሪ ከሞኤንግ ድንጋይ ፈላጮች አይለይም። የሹሙና የባለጸጋው ልጅስ ከድኻው ልጅ ጎን ቆሞ መዶሻውን ይይዛል? ይህ መጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል፤ ሴሮዌም የተሰናከለችው በዚህ ላይ ነው።

መምህሩ የትርፍና የኪሳራውን መዝገብ በተማሪዎቹ ፊት ገልጦ ሲያስቀምጥ፣ ሒሳብ ብቻ አያስተምርም፤ ካማ በ1916 የተከለከሉትን መብት ለልጆቹ ያስረክባል። ይህን መብት ለሁሉም ልጅ እኩል ማድረስ ግን የአንድ መምህር ወይም የአንድ ትምህርት ቤት ሥራ ሊሆን አይችልም። ለሠሪ እጅ ክብርና ተገቢ ዋጋ የሚሰጥ ኅብረተሰብ ይጠይቃል። ያ እስኪሆን ድረስ ስዋኔንግ ኮረብታ የተጀመረ እንጂ ያለቀ ሥራ አይደለም።