የእግር ጉዞ መንገድን በአቅም መምረጥ

የተራራ ጉዞ መንገድ የሚመረጠው በርቀቱ ብቻ ሳይሆን በዳገቱ፣ በከፍታውና በወቅቱ ጭምር ነው።

ለጀማሪ ከኡካ፣ ከመቱ ወይም ከጎሬ ብዙ ሳይርቁ በተለመደ የገጠር መንገድ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት መጓዝ በቂ ነው።

መጠነኛ ልምድ ላለው በመቱ አቅራቢያ የሚገኘው የሶር ፏፏቴ ተስማሚ ነው። መንገዱ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ያልፋል። ወደ ፏፏቴው ግርጌ የሚያወርደው ቁልቁለት ሲመለሱ ዳገት ስለሚሆን ለመልሱ ጉልበት መቆጠብ ያሻል። በክረምት ጭቃው ስለሚያንሸራትት የበጋ ወራት ይመረጣሉ።

ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራስ ደጀን ግን ለልምድ ባለቤቶች ነው። በዚያ የአየሩ መሳሳት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊያስከትል ይችላል፤ ሕመሙ ከበረታ መፍትሔው ሳይዘገዩ መውረድ ነው።

በቡድን ለሚጓዙ መለኪያው የጠንካራው ሳይሆን የደካማው ተጓዥ አቅም ነው።