የድካም ዋጋና የሒሳብ መዝገብ

ደመወዝ የሚለውን ቃል ብዙዎች ደምና ወዝ ብለው ይፈቱታል። የቃሉ አመጣጥ እንዲህ ይሁንም አይሁን፣ ፍችው ለኑሮ እውነት የቀረበ ነው፤ ደመወዝ ማለት ሰው ጕልበቱንና ዕድሜውን ሰጥቶ የሚቀበለው ዋጋ ነውና። እንግዲህ አንድ ሠራተኛ ደመወዝህ ጨምሯል ተብሎ ከተነገረው በኋላ፣ በእጁ የገባው ገንዘብ ከተነገረው ጎድሎ ቢያገኘው ምን ማድረግ ይገባዋል? አንዳንዱ አፍሮ ዝም ይላል፤ አንዳንዱም ሳይቈጥር ይቈጣል። እኔ ግን የቀደሙት ሰዎች ታሪክ ከሁለቱ የተሻለ መንገድ ያሳየናል ብዬ አምናለሁና፣ ለወጣት አንባቢዎች ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1157 ዓመት ገደማ፣ ሣልሳዊ ራምሴስ በግብፅ በነገሠ በ29ኛው ዓመት፣ የነገሥታቱን መቃብር የሚፈለፍሉና በሥዕል የሚያስጌጡ ሠራተኞች ዛሬ ዴር ኤል መዲና በምትባል መንደር ይኖሩ ነበር። ደመወዛቸው እህል ነበረ። እህሉ በቀኑ ሳይመጣላቸው ቢቀር ሥራቸውን አቁመው ከቤተ መቅደሶቹ አጠገብ ሄደው ተቀመጡ፤ መራባቸውንም ለሹማምንቱ ተናገሩ። በጽሑፍ ተመዝግበው ከተገኙት የሥራ ማቆም አድማዎች ሁሉ ቀዳሚው ይህ ነው። ነገር ግን ከአድማው ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ መዝገቡ ነው። ጸሐፊው ቀኑን እየቈጠረ፣ ከወሩ 18 ቀን ማለፉን ሳይቀር በፓፒሩስ ላይ ጽፎ አቆየው፤ ጽሑፉም ዛሬ በጣሊያን አገር በቱሪን ቤተ መዘክር ይገኛል። ሠራተኞቹ በመጨረሻ የተቋረጠባቸውን ያለፈውን ወር ቀለብ ተቀበሉ። ስንት ቀን እንደ ዘገየና የትኛው ወር እንዳልተከፈለ የሚያውቅ ሰው፣ የሚጠይቀውንም ያውቃል።

በአገራችንም የድካም ዋጋ ሁልጊዜ በብር አይከፈልም ነበር። አሞሌ ጨው ለብዙ ዘመን እንደ ገንዘብ ሲያገለግል፣ ከሚቈረጥበት ከአፋር ቆላ እየራቀ በሄደ መጠን ዋጋው ይጨምር ነበር። ስለዚህ አሥር አሞሌ ይከፈልሃል የተባለ ሰው፣ የት አገር እንደሚከፈለው ካልጠየቀ ምን ያህል እንደሚያገኝ አያውቅም ነበር። ከጊዜ በኋላም ማርትሬዛ ብር በገበያው ሠለጠነ፤ ዳግማዊ ምኒልክም 1887 ዓ.ም. የተጻፈበትን የራሳቸውን ብር አሠሩ።

እኔ ይህን የምጽፈው በጌጫ ሆኜ ነው። ጌጫ ከቴፒ ወደ ማሻ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ በሸካ የአንድራቻ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ዝናቧ ብዙ፣ ዙሪያዋም ቡና፣ ማር፣ እንሰትና ኮረሪማ የሚገኝበት ደን ነው። የዚህ አገር አሮጌ የደመወዝ ታሪክ ግን እንደ ደኑ ያማረ አይደለም። በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር በካፋ ላይ ከዘመተ በኋላ፣ ሸካና ጊሚራ፣ ማጂም በተከታታይ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገቡ። ለሰፈረው ወታደር የሚከፈል በቂ ገንዘብ ስላልነበረ፣ በደመወዝ ፈንታ ገባር ተሰጠው። ለተራው ወታደር ጥቂት፣ ለአለቃውም ከዚያ የበለጠ የገባር ቤተ ሰብ ይመደብለት ነበር፤ እነርሱም ያርሱለታል፣ ይፈጩለታል፣ እንጨትና ውሃ ይሸከሙለታል፣ ማርና እህል ያገቡለታል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነገር ልብ ብለህ ተመልከት። በዚያ ዘመን የአንድ ሰው ማዕረግ ሲያድግ የገባሮቹ ቍጥር ያድጋል፤ እንግዲህ የእርሱ ጭማሪ በሌላው ጫንቃ ላይ የሚወድቅ ሸክም ነበረ ማለት ነው። ገባሩ ምን ያህል ቀን መሥራት፣ ምን ያህል ማር ማግባት እንዳለበት የሚመሰክርለት መዝገብ በእጁ አልነበረም፤ ስለዚህ ከልክ በላይ ሲጠየቅ ልኩን አሳይቶ ሊከራከር አይችልም። የቀረለት ማምለጫ አገር ጥሎ መሸሽ ብቻ ነበር። በማጂና በጊሚራ ብዙ መንደር ባዶ የቀረው በገባርነቱ ጭቆና፣ ከዚህም ጋር በባሪያ ፍንገላ ምክንያት ነው። መዝገብ በሌለበት ስፍራ ኃይለኛው ብቻ ይቈጥራል።

ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር አስተዳደር ድንጋጌ፣ ገዢዎችና ሹማምንት ከመንግሥት ግምጃ ቤት በገንዘብ ደመወዝ የሚያገኙ ሠራተኞች እንዲሆኑ አደረገ። በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. የወጡት የመሬት ግብር አዋጆችም ለባለ ሥልጣን ይደረግ የነበረውን የገባር አገልግሎት በሕግ አስቀሩ። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ። ደመወዝ በገንዘብ ሲሆን በወረቀት ይጻፋል፤ በወረቀት የተጻፈውንም ባለ መብቱ አንብቦ ሊጠይቅበት ይችላል። በዚህ ነገር ላይ የሠራተኛው ድምፅ የተጨመረው ቆይቶ ነው፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1955 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅም በ1956 ዓ.ም. ወጣ።

ጥያቄ በጊዜው ካልተሰማ የሚሆነውን ደግሞ 1966 ዓ.ም. አስተምሮናል። በጥር ወር በነገሌ ቦረና የነበሩ ወታደሮች ስለ ምግባቸውና ስለ ውሃቸው ሲያመለክቱ ሰሚ ቢያጡ፣ ሊያነጋግሯቸው የመጡትን ጄኔራል ይዘው እነርሱ የሚበሉትን አበሏቸው። ነገሩም ወደ ሌሎቹ ጦር ሰፈሮች ተዛመተ። በየካቲት የደመወዝ ጭማሪ ቢታወጅም ወታደሩን አላረካም፤ በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። ወዲያውም የሠራተኞቹ አንድነት ማኅበር ለአራት ቀን የቆየ ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ አደረገ። የዘውዱ መንግሥት የወደቀበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሆኖም ትንሽ የምትመስል የቀለብና የደመወዝ ጥያቄ ተንቃ ስትቀር የት እንደምታደርስ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሁን ከትልቁ ታሪክ ወደ ትንሹ ልመለስ። በሰፈራችን የሚኖር አንድ ወጣት በቡና ማዘጋጃ ድርጅት ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ በወር 1000 ብር እንደ ተጨመረለት የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰው። የእናቱን ቤት ጣራ ቆርቆሮ ሊያለብስበት አስቦ ነበር። የሐምሌና የነሐሴ ደመወዙ እንደ ቀድሞው መጣ፤ በመስከረም ግን 730 ብር ብቻ ጨምሮ አገኘው። እጅግ ተቈጥቶ ወደ እኔ መጣና፣ «ጋሼ፣ በየወሩ 270 ብር እየበሉብኝ ነው፤ ነገ በሰው ፊት እነግራቸዋለሁ» አለኝ።

እኔም፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ ወረቀት አምጣና እንቍጠር» አልሁት። ደብዳቤውንና የባንክ ደብተሩን አስቀምጠን ቈጠርን። ከ1000 ብሩ ለጡረታ በመቶ 7፣ ማለት 70 ብር ይቀነሳል። ጭማሪው በሙሉ በመቶ 20 ግብር በሚከፈልበት እርከን ውስጥ ስለ ወደቀ 200 ብር ለግብር ይሄዳል። የቀረው ልክ 730 ብር ነው። ስለዚህ የ270 ብሩን ማንም አልበላበትም። ነገር ግን ደብዳቤው ከሐምሌ ይላልና፣ የሁለት ወር ውዝፍ 1460 ብር በእውነት ቀርቶበታል። ሳይቈጥር ቢጮኽ ኖሮ፣ በማይገባው ነገር ተከራክሮ በሚገባው ነገር ተሸንፎ ይመለስ ነበር።

በማግሥቱ አጭር ማመልከቻ ጻፈ፤ የደብዳቤውን ግልባጭ አያይዞ፣ አንድ ቅጂም ለራሱ አስቀርቶ ወደ ሒሳብ ሹሟ ሄደ። «እትዬ፣ ይህን አብረን እንድናየው ጥቂት ጊዜ ይስጡኝ» አላት። እርሷም መዝገቡን ገልጣ ብታይ፣ አዲሱ ደመወዝ የገባው ከመስከረም ጀምሮ መሆኑን አገኘች። በሚቀጥለው ወር ውዝፉ ተከፈለው። ማንም አልተዋረደም፤ ቆርቆሮውም ተገዛ።

በነገራችን ላይ ብዙ ሰው፣ «ደመወዝ ሲጨምር ግብሩ ይበልጥና ከቀድሞው ያነሰ ይደርሰኛል» እያለ ይፈራል። ይህ ስሕተት ነው፤ ከፍ ያለው የግብር ልክ የሚቈረጠው ከእርከኑ በላይ ካለው ገንዘብ ላይ ብቻ እንጂ ከጠቅላላው ደመወዝ ላይ አይደለም።

ሕጉም ለሚቈጥር ሰው ረዳት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156፣ አሠሪው ጠቅላላ ደመወዙን፣ የተቀነሰውን ልክና ዓይነት፣ የተጣራውንም ክፍያ የሚያሳይ መዝገብ እንዲይዝና ሠራተኛው ሲጠይቅ እንዲያስረዳው ያዛል። ሠራተኛው የጎደለ ገንዘብ ሳይቃወም ፈርሞ ቢቀበል እንኳ የቀረውን የመጠየቅ መብቱ አይጠፋም። ሆኖም ያልተከፈለ ደመወዝ ሊከፈል ከሚገባበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። በመነጋገር ካልተፈታ የፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለ። የመንግሥት ሠራተኛ ግን በሌላ ሕግ የሚተዳደር ስለሆነ፣ አቤቱታውን በመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ በኩል ያቀርባል። እንግዲህ ትዕግሥት መልካም ነው፤ ነገር ግን ቀን የሚያሳልፍ ዝምታ ትዕግሥት አይባልም።

ደግሞ ነገሩን ገልብጠን እንየው። ስሕተቱ ለአንተ ተርፎ፣ ከተነገረህ በላይ ገንዘብ ቢገባልህስ? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሳይገባው የከፈለ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ እንደሚችል ይደነግጋል። ነገር ግን ሕጉ ባይኖርም እንኳ፣ ሲጎድልበት መዝገብ የሚያስገልጥ፣ ሲተርፈው ግን የሚሰውር ሰው፣ የሚወደው ጥቅሙን እንጂ እውነትን አይደለም። በቡና መግዣ ስፍራ ሁሉም ሚዛኑን የሚያይ ለራሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ለቃሚና ገዢ አንድ ቀን እንኳ አይስማሙም ነበር።

ስለዚህ፣ ወጣት ወንድሜና እኅቴ ሆይ፣ የጭማሪ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚጸና አንብቡ፤ ተቀናሹን ራሳችሁ አስሉ፤ ልዩነት ብታገኙ በዚያው ወር፣ በጽሑፍ፣ በአክብሮት ጠይቁ፤ ቅጂውን አኑሩ። ነገ እናንተ አሠሪ ወይም ሒሳብ ሹም ስትሆኑም፣ ወረቀቱን ይዞ በደጃችሁ የቆመውን ሠራተኛ እንደ ነገረኛ አትዩት። የዚህ አገር ገባር መቆሚያ ደጅም፣ የሚያሳየው ወረቀትም አልነበረውም፤ ዛሬ ሁለቱም አሉና መዝገቡን ግለጡለት።