የአምባዞዋ አይሮፕላንና የዳባት ሜዳ

ከደባርቅ ጎንደር በአውቶቡስ የተመላለሰ ተማሪ ሁሉ ዳባትን ያውቃታል። አውቶቡሱ ቆም ይላል፤ ልጆች ቆሎ ይዘው ወደ መስኮቱ ይመጣሉ፤ ብርዱ አንገት ያስቀብራል፤ ከዚያ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ይቀጠላል። በዚህች ቀዝቃዛ ደጋ ላይ በአንድ ወቅት ተዋጊ አይሮፕላኖች ይነሡና ያርፉ እንደ ነበር ስንቶቻችን እናውቃለን? እውነቱን እንናገር ካልን እኛም አናውቅም ነበር። ያወቅነው የሰው አገር ሰዎች ስለ ራሳቸው ልጆች ከጻፉት ነው። በገዛ አገራችን የሆነውን ከባዕድ ትዝታ መማራችን አሳፈረን፤ ይህችን አጭር ጽሑፍ እንድናዘጋጅ የገፋፋንም ይኸው እፍረት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ጦርነቱ በዚያው ያለቀ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ጎንደር ግን ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን እስኪቀረው ድረስ በጣልያኑ ጄኔራል ናሲ እጅ ቆይታለች። የሰሜን በሯ ወልከፊት ነበር፤ ከደባርቅ ወዲያ፣ የሊማሊሞ መንገድ ከገደሉ ወጥቶ ደጋውን የሚይዝበት ቦታ። እዚያ ኮሎኔል ማሪዮ ጎኔላ የሚባል መኮንን መሽጎ ክረምቱን ከረመ። ከበባውን የያዙት የእንግሊዝ መኮንኖች ብቻ አልነበሩም፤ የደጃዝማች፣ ኋላም የራስ አያሌው ብሩ አርበኞችም ነበሩበት። ምሽጉ የተፈታው በ1934 ዓ.ም. በመስቀል ሰሞን ሲሆን፣ እጅ የሰጠውም ለ25ኛው የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌድ ነው።

ወልከፊት ሲወድቅ ደጋው ተከፈተ። የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል 3ኛ ስኳድሮንም ግላዲያተር በሚባሉት አይሮፕላኖቹ በዳባት ማረፊያ መጠቀም ጀመረ። ግላዲያተር ባለ ድርብ ክንፍ፣ አራት መትረየስ የተገጠመላት አይሮፕላን ነች። በዚያን ጊዜ በአውሮፓ ሰማይ ላይ እንደ ስፒትፋየር ያሉ ፈጣን ባለ ነጠላ ክንፍ አይሮፕላኖች ስለ ነገሡ፣ እርሷ እንደ ጡረተኛ በቅሎ ነበር የምትታየው። ጣልያኖቹም ቢሆኑ የተሻለ አልነበራቸውም። ጎንደር ላይ የቀሯቸው ተዋጊዎች ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ እነርሱም ሲ አር 42 የሚባሉ ባለ ድርብ ክንፍ የፊያት ሥሪቶች ነበሩ። ሌላው ዓለም የጣለው ዓይነት ውጊያ የመጨረሻ ትንፋሹን የተነፈሰው እንግዲህ በወገራ ሰማይ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ጥቅምት 14 ቀን 1934 ዓ.ም. ከሁለቱ የፊያት አይሮፕላኖች አንዷ ተነሣች። አብራሪው ኢልዴብራንዶ ማላቮልቲ ይባላል። በግላዲያተር የገጠመው ደግሞ ላንስሎት ሆፕ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ነበር፤ ጓደኞቹ ፓዲ ይሉታል። ሆፕ በሦስት መቶ ያርድ ርቀት ላይ ሆኖ መተኮስ ጀመረ። ጥይቱ አብራሪው የሚቀመጥበትን ቦታ አገኘው፤ አይሮፕላኗም ተገልብጣ ወረደችና ከጎንደር በስተ ሰሜን በአምባዞ አጠገብ መሬት መትታ ተቃጠለች። በምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ በአየር ላይ ተመትታ የወደቀች የመጨረሻዋ የጣልያን አይሮፕላን እርሷ ነች። በማግስቱ ስብርባሪዋ ተገኘ፤ ሬሳውም አጠገቧ ነበር። ጥቅምት 16 ቀን አንዲት ግላዲያተር በጣልያኖቹ ምሽግ ላይ በርራ ወረቀት ጣለች። ወረቀቱ የፊያቷ አብራሪ ጀግና ሰው እንደ ነበረ የሚመሰክር፣ በደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ስም የተጻፈ የክብር ቃል ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የስኳድሮኑ ወገኖች የሚያስታውሱት ይህንኑ ነው፦ አንድ ለአንድ የተደረገ ግጥሚያ፣ ከዚያም ጨዋነት። ጣልያኖቹ ግን ሌላ ታሪክ ይተርካሉ። ማላቮልቲ ከሞተ በኋላ የወርቅ ሜዳልያ ተሸልሟል። በእነርሱ ትረካ፣ የተነሣው የዳባትንና የአዲ አርቃይን ማረፊያዎች በመትረየስ ሊደበድብ ነው፤ በመንገዱም ከብዙ ግላዲያተሮች ጋር ተጋጥሞ ነው የወደቀው። በአንደኛው ትረካ አንድ ለአንድ፣ በሌላው አንድ ለብዙ! ሁለቱም አንዲት በረራ፣ አንድ ሰማይ፣ አንድ ሟች ናቸው።

ማነው የዋሸው ብሎ መጠየቅ ይቀናናል፤ የታሪክ ተማሪ ነንና። ነገር ግን ጥያቄው ራሱ ብዙ የሚያስኬድ አይመስለንም። የሞተ ልጅ ያለው ቤት ልጁ ብዙዎችን ተቋቁሞ እንደ ሞተ ማመን ይፈልጋል፤ ይህ በየትም አገር ያለ ነው። የገደለውም ወገን ቢሆን በጨዋነት እንደ ገደለ ማስታወስ ይፈልጋል፤ የተጣለችው ወረቀት ለሟቹ ብቻ የተጻፈች አትመስለንም። እኛም ብንሆን ከዚህ ነፃ አይደለንም። በኦጋዴን ጦርነት የተዋጉትን የኤፍ 5 አብራሪዎቻችንን ስናወራ፣ የተጣሉት የሶማሊያ ሚጎች ቁጥር ከተናጋሪ ተናጋሪ ይለያያል። ቢሆንም የእነዚያ ሰዎች ስም አለን። ለገሠ ተፈራ ተማርኮ አሥራ አንድ ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ማሳለፉን ሕዝቡ ያውቃል፤ በዛብህ ጴጥሮስ በ1990 ዓ.ም. በኤርትራ ለሁለተኛ ጊዜ መማረኩም ይታወቃል። አብረው ያበረሩ ባልደረቦች፣ ፎቶግራፍ የሚያሳዩ ቤተሰቦች አሉ። አየር ኃይላችን ስማቸውን የሚጠራበት ቀንም አለው።

የዳባት ሰው ትዝታስ የት ነው? ይህ ነው እኛን የሚያንገበግበን። በሁለቱም ትረካ ውስጥ ዳባት የቦታ ስም ብቻ ናት፤ ካርታ ላይ ያለች ነጥብ። ሜዳው ግን የሰው እርሻ ወይም የሰው ግጦሽ ነበር። ጥቅምት ደግሞ እህሉ ገና ያልታጨደበት ወር ነው።

ሌላም ነገር አለ። ለወገራና ለስሜን ባላገር አይሮፕላን ማለት ምን ነበር? በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩና የአያሌው ብሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ በደምበጊና ጣልያንን ድል ነሥቷል። ብዙም ሳይቆይ ከሰማይ በርሜል ወረደባቸው፤ መርዙም ቆዳቸውን ላጠው። ራስ እምሩ ይህንን በሕይወት ሳሉ መስክረዋል። ከዚያ ዘመቻ ወደ ስሜን የተመለሰ ገበሬ ከሰማይ ስለሚመጣ ድምፅ ለልጁ ምን ብሎ እንደ ነገረው መገመት አያቅትም። እንግዲህ በ1934 ጥቅምት ያው ድምፅ በዳባት ላይ ሲሰማ፣ ይህኛው የወዳጅ ነው፣ ያኛው የጠላት ነው ብሎ ለእረኛው ማን ነገረው? ድርብ ክንፍ ያላቸው ሁለት አይሮፕላኖች ከሩቅ ለሚያያቸው መንትያ ናቸው።

ከመካከላችን አንዱ የዳባት ልጅ ስለሆነ ባለፈው ዕረፍት አብረን ሄድን። ያን ቀን በዓይኑ ያየ ሰው እንደማናገኝ አውቀን ነው የሄድነው፤ ሰማንያ ዓመት አልፏልና። ያገኘናቸው ከአባቶቻቸው የሰሙ ናቸው። አንድ አዛውንት በከዘራቸው ወደ ከተማው ጫፍ አመለከቱን፤ ጠያራ የሚያርፍበት እዚያ ነበር አሉ። ጎረቤታቸው ተቃወሙ፤ ወደ ሌላ ወገን አመለከቱ። እኛ መሐል ቆመን ቀረን። ሁለቱ ሲከራከሩ ቡናው ሦስተኛው ላይ ደረሰ።

ስለ አብራሪዎቹ የሚያውቁት ነገር የለም። ስም ስንጠራላቸው በትሕትና አዳመጡን፤ እንደ እንግዳ ዘመድ ስም ነው የሰሙት። የእነርሱ ወሬ ወዲያው ወደ መሬት ወረደ፤ ማን ወልከፊት ምሽግ ውስጥ ነበር፣ ማንስ ከውጭ ሆኖ ከበበ ወደሚለው። እዚህ ላይ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ምሽጉ እጅ ሲሰጥ አብረው ከወጡት መካከል ለጣልያን ያደሩ የአገራችን ሰዎች ቀላል አልነበሩም፤ ይህ በመጻሕፍትም የተመዘገበ ነው። ራስ አያሌው ራሳቸው በሰኔ 1933 ዓ.ም. ከምሽጉ በወጣ ጦር ተማርከዋል፤ ያንን ጦር በግንባር ካጠቁት ውስጥ የእኛው ሰዎች ነበሩ። ባንዳና አርበኛ ከአንድ ሰበካ፣ አንዳንዴም ከአንድ እናት የወጡ ናቸው ማለት ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ለጠላቱ የክብር ወረቀት መጣል ችሏል፤ ጠላቱ ከሩቅ የመጣ ነውና ነገ ገበያ ላይ አያገኘውም። የዳባት ሰው ግን ለማን ይጥላል? ወንድሙን ጀግና ነበር ቢል ራሱን ይነቅፋል፤ ባንዳ ነበር ቢል የእናቱን ልጅ ስም ያጠፋል። ስለዚህ ዝም ተባለ። ዝምታውም ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ፤ ሜዳውም፣ አይሮፕላኑም፣ የአምባዞ እሳትም አብሮ ተዳፈነ። ባላገሩ ወሬ የማይዝ ሆኖ አይደለም፤ ለዚህች አንዲት ነገር የሚሆን መናገሪያ ስላጣ ነው።

በእርግጥ ማላቮልቲ ከሞተ በኋላም የቀረችው አይሮፕላን ጥቂት በርራለች፤ ቁልቋል በር በወደቀበት ሰሞን በኅዳር አጋማሽ ገደማ የእንግሊዝን መድፈኞች ደብድባለች። ኅዳር 18 ቀን ጎንደር እጅ ሰጠች፤ የአየሩም ነገር አበቃ። ስኳድሮኑም ሄደ። ሜዳው ለባለቤቶቹ ተመለሰ እንበል ይሆን?

ስንሰናበት ከሁለቱ አዛውንት አንዱ እስከ መንገዱ ሸኙን። አባታቸው በየትኛው ወገን እንደ ነበሩ ቀድመን መጠየቅ ፈርተን ነበር። እርሳቸው ሳንጠይቃቸው አንሥተው፣ አሁን እህሉ ሳይሰበሰብ የሚወራ አይደለም፣ ከአውድማው በኋላ ኑ አሉን። ለጥር ልንመለስ ቀጠሮ ይዘናል።