«ሰንጠረዥ»ና «ወረራ»፦ የአንድ ጨዋታ ስያሜዎች ታሪክና የበይነ መረብ ውድድር ጥያቄ

የልዩ ልዩ አገሮችን የሰንጠረዥ ጨዋታዎች በአንድነት የሚያወዳድር የበይነ መረብ ግጥሚያ ደንብ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ፣ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ሳያልፍ ከአንድ እንቅፋት ጋር ይጋጠማል። ጨዋታው «ሰንጠረዥ» ነው፤ የተወዳዳሪዎች ነጥብ የሚሰፍርበት ባለመስመር ገጽም «የደረጃ ሰንጠረዥ» ይባላል። «የሰንጠረዥ ውድድር ሰንጠረዥ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ባይሆንም ለጆሮ አይመችም። ነገሩ ቀላል መስሎ ቢታይም፣ ቃሉ ከጨዋታነት ወደ መዝገብነት እንዴት እንደ ተሻገረ ሳይታወቅ መፍትሔ ማበጀት ስለማይቻል፣ ታሪኩን ከሥሩ መመርመር ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

የቃሉ ምንጭ ዐረብኛው «ሸጥረንጅ» ነው። ዐረቦች ከፋርስ ወሰዱት፤ ፋርሶችም ከሕንድ። በሕንድ «ቻቱራንጋ» ማለት «አራት ክፍል ያለው» ማለት ሲሆን፣ አራቱ የሠራዊት ክፍሎች እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ዝሆንና ሠረገላ ናቸው። ወደ አማርኛ ሲገባ ከታዩበት ለውጦች ሁለቱ እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ በዐረብኛው ከመጨረሻው «ጅ» በፊት የነበረው «ን» ስፍራውን ለቆ ከ«ጠ» በፊት ተቀምጧል። ሁለተኛ፣ «ጅ» ወደ «ዥ» ተለውጧል። ቃሉ በ«ሰ»ም በ«ሠ»ም ሲጻፍ እናገኘዋለን። ከውጭ የመጣ ቃል ስለሆነ ከግእዝ ሥር ተነሥቶ አንዱን ትክክል ሌላውን ስሕተት ማለት አይቻልም፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ በ«ሰ» ጽፈነዋል።

የጠጠሮቹ ስም የበለጠ ያስተምራል። «ፈርዝ» የንጉሡ አማካሪ ሲሆን ስሙ ከፋርሱ «ፈርዚን» በዐረብኛ በኩል የመጣ ነው። ሩስያውያን እስከ ዛሬ ይህንኑ ጠጠር በዚሁ ስም ይጠሩታል። «ፊል» በዐረብኛ ዝሆን ነው። አማርኛ «ዝሆን»፣ ግእዝም «ነጌ» የሚል የራሳቸው ቃል እያላቸው፣ ተጫዋቾቹ የዐረብኛውን ስም እንዳለ ማቆየታቸው ጨዋታው ከነስያሜው አንድ ላይ መግባቱን ያመለክታል። «መደቅ» የተባለው እግረኛ ከዐረብኛው «በይደቅ» ጋር የተያያዘ ነው፤ «በ» እና «መ» ሁለቱም ከንፈራዊ ድምፆች ስለሆኑ መለዋወጣቸው አያስገርምም። «ፈረስ» ግን መርማሪውን ያሳስታል። ቃሉ በዐረብኛም በግእዝም በአማርኛም አንድ ስለሆነ፣ ጨዋታው ይዞት የመጣ ይሁን ወይስ እዚህ የጠበቀው፣ ከቃሉ ቅርጽ ብቻ መለየት አይቻልም። ንጉሡ ተተርጕሟል እንጂ «ሻህ» ሆኖ አልቀረም። በማዕዘን የሚቆመው «ደር» ደግሞ ከዐረብኛው «ሩኽ» ጋር ምንም የድምፅ ዝምድና የለውም።

ይህ ሁሉ ለተርጓሚ ምን ይጠቅማል? ስለ ዘመናዊው ቼዝ የሚጽፍ ሰው ከእንግሊዝኛ በቀጥታ ቢመልስ «ፊል» ጳጳስ፣ «ፈርዝ»ም ንግሥት ይሆናሉ። ዝሆኑ በምዕራብ አውሮፓ ጳጳስ፣ አማካሪውም ንግሥት የሆኑት በዚያው ታሪክ ውስጥ ነው፤ የእኛ ቋንቋ ግን የጥንቱን ስም ይዞ ቆይቷል። በእጅ ያለን ትቶ ከሩቅ መበደር የተርጓሚ ድካም እንጂ የቋንቋ ድህነት አይደለም። እርግጥ ነው፣ የዘመናዊው ንግሥት አካሄድ ከፈርዝ አካሄድ እጅግ ይሰፋል። ፈርዝ በአግድመት አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ ፊልም በአግድመት ሁለት ቤት ይዘላል እንጂ እንደ ዛሬው ሰሌዳውን አይሰነጥቅም። ስለዚህ «ንግሥት» የሚለው ለዘመናዊው ቼዝ ቢቀር አንቃወምም፤ «ጳጳስ» ግን አስፈላጊ አይመስለንም።

ጨዋታው በአገራችን ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ከጽሑፍ ማስረጃ መረዳት ይቻላል። ዐፄ ልብነ ድንግል (1500–1532 ዓ.ም.) ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ኢጣሊያዊው አሌሳንድሮ ዞርዚ ባሰባሰበው ማስታወሻ ሰፍሯል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ለዚህ ጨዋታ የነበራቸውን ፍቅር ጽፎልናል። እቴጌ ጣይቱም በገና እንደሚደረድሩና ሰንጠረዥ እንደሚጫወቱ ይነገራል። ደንቡን በዝርዝር ከመዘገቡት መካከል ግን ዋልተር ፕላውደን አንዱ ነው። ፕላውደን የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1849 ከራስ ዓሊ ጋር ውል የተፈራረመ፣ እ.ኤ.አ. በ1860 ጎንደር አጠገብ ተወግቶ የሞተ ሰው ሲሆን፣ መጽሐፉ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ታተመ። ራስ ዓሊ የየጁ ሰው ናቸው፤ ግቢያቸው ደብረ ታቦር ቢሆንም የትውልድ ሐረጋቸው የሚመዘዘው ዛሬ ወልድያ፣ መርሳና ሀብሩ ከሚገኙበት ምድር ነው። እንግዲህ ስለ ሰንጠረዥ ካሉን ዝርዝር ምስክርነቶች አንዱ የተጻፈው የየጁ መሳፍንት በገነኑበት ዘመን መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚያ በኋላ ማርሴል ኮኸን በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 በ«ጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ» ላይ ጽፈውበታል። ጨዋታው ከኢጣሊያ ወረራ (1928–1933 ዓ.ም.) ወዲህ ከነባር ተጫዋቾቹ ጋር እየጠፋ ሄደ።

ሰሌዳው ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ነበር፤ ቤቶቹ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መስመር ይለያሉ እንጂ አንዱ ነጭ ሌላው ጥቁር ሆነው አይቀለሙም። ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ቁልፉ እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን። ቀለም የሌለው፣ በመስመር ብቻ ወደ ጐንና ወደ ታች የተከፋፈለ ገጽ፣ ቍጥርና ስም ከሚሰፍርበት ገጽ በመልክ አይለይም። ዐረብኛ ለዚህኛው «ጀድወል» የሚል ሌላ ቃል ሲይዝ፣ አማርኛ የጨዋታውን ስም አወረሰው። ጨዋታው ሲረሳ ልጁ ከአባቱ በለጠ፤ ዛሬ ተማሪ «ፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ» ሲል ንጉሥና ፈርዝ ትዝ አይሉትም።

አሁን ወደ «ወረራ» እንለፍ። በአገራችን ሰንጠረዥ ሁለቱ ተጫዋቾች ሲጀምሩ ተራ አይጠባበቁም። እያንዳንዱ በፈለገው ፍጥነት ጠጠሮቹን ያንቀሳቅሳል፣ የባላጋራውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል፣ ካሻውም መልሶ ይስባል። ይህ ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ በተራ ይሆናል። አሸናፊነትም ክብር ነበረው። በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን መያዝ እንደ ተራ ነገር ሲቈጠር፣ በፊልና በፈርዝ መያዝ ያስመሰግን፣ በመደቅ መያዝ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያስደንቅ ነበር። ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይያዝም፤ አንድ ጠጠር ብቻ የቀረው እንደ ሆነም የዚያ ጠጠር አካሄድ ይቈጠራል።

እንዲህ ያለው ሥነ ሥርዓት ከዓለም የተነጠለ አይደለም። በሞንጎሊያው «ሻታር» በፈረስ መግደል ክልክል ነው። በታይላንዱ «ማክሩክ» መደቆች ሲያልቁ አካሄድ ይቈጠራል፤ ንግሥት መሰሏ ጠጠርም እንደ ፈርዝ በአግድመት አንድ ቤት ብቻ ትሄዳለች። በቻይናው «ሻንቺ» ዝሆኑ በአግድመት ሁለት ቤት ይሄዳል፤ መዝለል ግን አይፈቀድለትም፣ ወንዙንም አይሻገርም። በበርማው «ሲቱዪን» ተጫዋቾቹ ዋና ዋናዎቹን ጠጠሮች በፈለጉበት ያሰፍራሉ፤ ይህ ከወረራ ጋር የሚቀራረብ ይመስለናል። የጃፓኑ «ሾጊ» የተማረከውን ጠጠር ለማራኪው አሳልፎ በመስጠቱ ከሁሉም ይለያል። ፓይቼስ የተባለው ድረ ገጽ ከእነዚህ ሾጊን፣ ሻንቺን፣ ማክሩክንና ሲቱዪንን ባንድነት ያስተናግዳል፤ ስለዚህ የልዩ ልዩ አገር ጨዋታዎችን ያቀላቀለ ውድድር ማዘጋጀት ዛሬ የሚቻል ነገር ነው።

የእኛውን ሰንጠረዥ ከነወረራው መጨመር ግን ይከብዳል። ወልድያ የተቀመጠ ተጫዋች ከእርሱ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ መርሳ ካለው ጋር ሲጋጠም፣ መርሐ ግብሩ የሚያውቀው «ተራ»ን ነው፤ አንዱ ካልተጫወተ ሌላው አይጫወትም፣ ሰዓቱም በዚሁ መሠረት ይቈጠራል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቢነኩ የማን አስቀድሞ ደረሰ የሚለውን የሚወስነው የተጫዋቹ ብልሃት ሳይሆን የመስመሩ ፍጥነት ይሆናል። መስመሩ ደግሞ የሚታመን ሆኖ አልቈየም፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ይታወቃል። አዘጋጆች ወረራን ጨርሶ ቢያስቀሩት የሚቀረው ጨዋታ ከዐረቡ ሸጥረንጅ ብዙም አይለይም። ወረራን በተወሰነ ደቂቃ ገድቦ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ግማሽ ሰሌዳ ሳያልፍ አሰላለፉን እንዲያበጅ መፍቀድ የተሻለ ይመስለናል፤ ይህ የቀደመው ደንብ ሳይሆን ማሻሻያ መሆኑ ግን በደንቡ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት።

በቃሉ ላይ ሌላ ጭነት አለ። ጦርነቱ ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወደ ወልድያና መርሳ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ ከተሞቹ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ያዩትን ያዩ ሰዎች፣ «ወረራ» ሲሉ ሰሌዳ አያስቡም። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ስለዚህ ቃሉ በ«አሰላለፍ» ወይም በ«ክተት» ይተካ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። «ክተት» ሠራዊት መሰብሰቡን ስለሚያመለክት ለትርጕሙ የቀረበ ነው፤ ነገር ግን እርሱም በዚያው ወራት የታወጀ የጦርነት ቃል ስለሆነ ሸክሙን አያቀልም። «አሰላለፍ» ጸጥተኛ ነው፤ ሆኖም ሁለቱ በአንድ ጊዜ የሚሯሯጡበትን መንፈስ አይገልጽም። ተጫዋቾች ያወጡትን ስም በጽሑፍ ቤት መሻር መልካም አይደለም የሚሉ ሌሎች አሉ፤ እኛም ወደዚህኛው እናደላለን። በውድድር ደንብ ላይ ግን «ወረራ (የመክፈቻ አሰላለፍ)» ተብሎ አንድ ጊዜ ከተፈታ በኋላ፣ በተከታዮቹ አንቀጾች «አሰላለፍ» ብቻ ቢጻፍ ማንንም አይጐዳም።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ እንበል። ለዓለም አቀፉ ጨዋታ «ቼዝ»፣ ለወገኑ ሁሉ «የሰንጠረዥ ጨዋታዎች»፣ ለኢትዮጵያው «ሰንጠረዥ» ብቻውን፤ ለተወዳዳሪዎች ነጥብ «የደረጃ መዝገብ»፤ እኩል ለወጡ «አቻ»፤ ለእያንዳንዱ ግጥሚያ ምዕራፍ «ዙር»። «ገበጣ» በጉድጓድና በጠጠር የሚሠራ ሌላ ጨዋታ ስለሆነ፣ በአንዳንድ ትርጕሞች እንደምናየው፣ ከሰንጠረዥ ጋር መቀላቀል የለበትም። «ደር»ን በሚመለከት፣ ምንጩን የሚያውቅ ወይም በየጁ፣ በላስታ ወይም በዋግ ከሽማግሌ አፍ ሌላ አጠራር የሰማ አንባቢ ቢጽፍልን፣ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።