የመሬት መንቀጥቀጥና መዝጋቢዎቹ በኢትዮጵያ

የመሬት መንቀጥቀጥን ታሪክ የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው መቼ፣ የትና ምን ያህል ብሎ ነው። እኛም ይህን ጥናት ስንጀምር እንዲሁ ጠየቅን። ነገር ግን መዝገቡን እያገላበጥን ስንሄድ ከእነዚህ የሚቀድም ጥያቄ መኖሩን ተረዳን፤ ይኸውም መዝጋቢው የት ቆሞ ነበር የሚለው ነው።

መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት መዝጋቢው ሰው ነበረ። ዜና መዋዕል የሚጽፉት ሊቃውንት የቤተ መንግሥቱን ጉዞ ይከተሉ ስለ ነበረ፣ ምድር የተናወጠችው ንጉሡ በሰፈረበት አገር እንደ ሆነ ነገሩ ይጻፋል። በአፋር ቆላ የሆነ እንደ ሆነ ግን የሚያየው አርብቶ አደሩ ነው፤ የእርሱም ወሬ ወደ ብራና የሚደርስበት መንገድ አልነበረውም። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. በስምጥ ሸለቆው የተነሣው ታላቅ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን አስደንግጧል፤ ሆኖም በመሣሪያ የመዘገቡት በውጭ አገር የነበሩት ጣቢያዎች ናቸው።

አራት ኪሎ የነበረው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመው ከሰኔ 1949 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. በቆየው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት ነው። መሥራቹ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፒየር ጉዋን ነበሩ። የመጀመሪያው ዓላማ፣ ሊያስገርም ቢችልም፣ የመሬት መንቀጥቀጥ አልነበረም፤ አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የምድርን መግነጢስ ለመለካት ነበር። ሴይስሞግራፉ በኋላ ተጨመረ።

ብዙም ሳይቆይ በግንቦት 1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ መጣ። መጠኑ 6.5 ገደማ ነበር፤ ማጀቴ ፈረሰች፣ በካራ ቆሬም ብዙ ቤት ወደቀ፣ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ተሰነጠቀ፤ ንውጽውጽታውም ለወራት ቀጠለ።

እዚህ ላይ የአንድ ጣቢያ አቅም እስከ ምን እንደ ሆነ ማየት ይገባል። ከመሬት ውስጥ የሚነሣው ኃይል በሁለት ዓይነት ሞገድ ይጓዛል፤ አንደኛው ፈጣን፣ ሁለተኛው ዝግተኛ ነው። ሁለቱ በደረሱበት ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት በሰከንድ ተቆጥሮ በ8 ቢባዛ ርቀቱን በኪሎ ሜትር በግምት ይሰጣል፤ ልዩነቱ 25 ሰከንድ ቢሆን ርቀቱ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግን በየት በኩል? ብቻውን የቆመ ጣቢያ አቅጣጫውን በእርግጠኝነት መለየት ይቸግረዋል፤ በካርታው ላይ ክብ ብቻ ይሥላል። ሁለተኛ ጣቢያ ሲጨመር ክቦቹ በሁለት ቦታ ይቋረጣሉ፤ ሦስተኛው ሲመጣ ነው ነጥቡ የሚታወቀው። ስለዚህ አባ ጉዋን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ከመሣሪያው ንባብ ጎን ዜና መዋዕሉን፣ የመንገደኞችን ጽሑፍና የነዋሪዎችን ቃል ማሰለፋቸው ለእኛ ትክክለኛ ዘዴ ሆኖ ይታየናል። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የአፋሯ ሰርዶ ስትፈርስም ጥፋቱን የሚናገሩት በቦታው የነበሩት ሰዎች ነበሩ።

በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ምድር ተሰነጠቀ፤ አንዳንዱ ስፍራ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ርቀው የተተከሉት ጣቢያዎች ትልልቁን ንውጥውጥታ መዘገቡ፤ የምድሪቱን መከፈት በሙሉ ያሳየው ግን የሳተላይት ራዳር ነው። የኢትዮጵያና የውጭ አገር ተመራማሪዎች መሣሪያዎቻቸውን በአካባቢው የተከሉት ከነገሩ በኋላ ነበር። በዚያም ምክንያት እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ ቅልጥ አለት ከ10 ጊዜ በላይ ወደ ስንጥቁ ሲገባ ለመከታተል ተቻለ። እንዲህ ያለ ጊዜያዊ መረብ ግን የምርምሩ ዘመን ሲያበቃ ይነሣል፤ ለታሪክ ጸሐፊም አደገኛው ይህ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ መዝገቡን የሚያነብ ሰው ምድሪቱ በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ብቻ የተናወጠች ሊመስለው ይችላል።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን መካከል የሆነውም በዚሁ ዓይን ሊታይ ይገባዋል። በየካቲት 7 ቀን የደረሰው መጠኑ 6.0 ነበረ፤ በአስር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብም ከመኖሪያው ተነሣ። የውጭ አገር ጣቢያዎች በዚያ ርቀት ከ4 በታች የሆነውን ብዙ ጊዜ አይዙትም። የአዋሽና የመተሐራ ሰው ግን ያንን ትንሹንም ከውጭ እያደረ ሰምቶታል። ቀኑንና ሰዓቱን የሚያስታውሱት ሰዎች ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ቃላቸውም ገና በወጉ አልተሰበሰበም።